ቢልጫ እንቁላል የሚጥልበት ጠጠር

ጡረታ በወጣሁ ማግስት፣ እንደ ልማዴ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለባብሼ እስከ ግቢው በር ወጣሁ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ እንዳለ ባለቤቴ ከኋላዬ፣ “ጥሩዬ፣ ወዴት ነው?” አለኝ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። የምሄድበት አልነበረም።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የመሥሪያ ቤቱን ንብረት አስረክቤ ነበር። እስከ ደረት የሚደርሰው የጎማ ሱሪ፣ የፍጥነት መለኪያው ከነሳጥኑ፣ መቁጠሪያ ሰዓቱ፣ የጥልቀት ዘንጉ፣ ሁሉም ቅጽ ላይ እየተጻፈና እየተፈረመበት ተመለሰ። የንብረት ክፍሉ ሰው የጎማ ሱሪውን አንስቶ ጉልበቱ ላይ ያሉትን ሦስት ልጥፎች አየና፣ “ይሄማ የሚጣል ነው” አለ። ከምትጥለው ለእኔ ስጠኝ ልለው ፈልጌ አፈርኩ። ምን ላደርገው? አቃቂ በሰቃ ባለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ የጎማ ሱሪ ለብሼ ልቀመጥ?

ሠላሳ አንድ ዓመት ወንዝ ስለካ ኖርኩ። ሥራዬን ሲጠይቁኝ እንዲህ ብዬ ስመልስ ሰው ይስቃል። “ወንዝ ደግሞ ይለካል እንዴ?” ይሉኛል። ይለካል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ በዚህ ቦታ ስንት ውሃ ያልፋል የሚለውን ድልድይ የሚሠራው፣ ግድብ የሚጠብቀው፣ ጎርፍ የሚፈራው ሁሉ ማወቅ ይፈልጋል። ዓሣም እንደሚፈልገው የተማርኩት ቆይቼ ነው። ያንን የተማርኩበትን ነገር ለማንም በደንብ ተናግሬው አላውቅም፤ አሁን ጊዜ ስላለኝ ልናገረው።

የተወለድኩት እዚሁ አቃቂ ነው። አባቴ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ እናቴ ክር ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የውሃ ነገር በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ፣ “ሴት ልጅ ወንዝ ገብታ ምን ታደርጋለች?” ብሎ አንድ ዓመት ሙሉ ቃሊቲ ቢሮ ውስጥ አስቀምጦ ቁጥር አስገለበጠኝ። ከየጣቢያው የሚመጡትን ደብተሮች ወደ ትልቁ መዝገብ እገለብጣለሁ። በመስኮቱ ሥር ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ ዓመት የጻፍኳቸው ሰባቶች ሁሉ ጅራታቸው የተጣመመ ነው።

ከደብተሮቹ መካከል አንዱ ይለይ ነበር። በእርሳስ የተጻፈ፣ ቁጥሩ ጥርት ያለ፣ ከጎኑ አጫጭር ቃላት ያሉበት፦ “ደፍርሷል”፣ “አረፋ አለው”፣ “ዳክዬ መጣ”። አንድ ቀን የደብተሩ ባለቤት ራሳቸው ቢሮ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ ሰው ናቸው። አቶ ደቻሳ ይባላሉ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ አቃቂ ወንዝ የሚገባ አንድ ገባር አለ፣ እዚያ ላይ የውሃ ከፍታ አንባቢ ናቸው።

“ጋሼ” አልኳቸው ደብተሩን ገልጬ፣ “እዚህ ቀን ላይ ዝናብ ሳይኖር ውሃው ለምን ድንገት ከፍ አለ?”

ቀና ብለው አዩኝ። “ግንድ ነው። ከታች ግንድ ተጋድሞ ውሃውን አቆመው። በሁለተኛው ቀን አወጣነው።” ደብተሩን ወደ ራሳቸው እየሳቡ፣ “ይህን ደብተር አሥራ ሰባት ዓመት ሳመጣ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም” አሉ።

ከዚያ አለቃዬ ዘንድ ገቡ። በሩን ስላልዘጉት ሰማኋቸው። “ይህቺ ልጅ ማንበብ ትችላለች። ለእኔ ስጠኝ” አሉት። ምን ብለው እንዳሳመኑት አላውቅም፤ በሚቀጥለው ሰኞ ግን የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ላይ ተሳፍሬ ወንዙ ጋ ወረድኩ።

ጋሽ ደቻሳ የአካባቢው የድሮ ገበሬ ልጅ ናቸው። የአባታቸው እርሻ አሁን መጋዘን ሆኗል። ጠዋት ወንዙ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ ሰላምታ ይሰጡታል፤ “አካም ቡልቴ?” ይሉታል፣ እንዴት አደርክ እንደ ማለት ነው። ስቄ ነበር የመጀመሪያ ቀን። እርሳቸው አልሳቁም። ከሰላምታው በኋላ ቶሎ ብለው መለኪያውን አያዩም። ዳርና ዳሩን ያያሉ፣ ቀለሙን ያያሉ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርን ይነክራሉ፣ እጃቸውን ያሸታሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “ዛሬ ምን አየሽ?” ይላሉ። ደብተር የሚገለጠው እኔ መልስ ከሰጠሁ በኋላ ነው። “ምንም” ካልኩ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ አስቀምጠውኛል፤ በመጨረሻ ከወዲያኛው ዳር አፈር ተንዶ እንደ ነበር አየሁ።

ውሃ ውስጥ መግባትን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። “እግርሽን አታንሺ፤ መሬቱን እየዳበሽ ጎትቺው። ውሃ የሚጥለው እግሩን የሚያነሳውን ነው” ይሉኛል። ገመድ ከዳር እስከ ዳር እንወጥራለን፤ ገመዱ ላይ በየግማሽ ሜትሩ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። በየጨርቁ ሥር በዘንግ ጥልቀቱን እለካለሁ፣ ከዚያ የፍጥነት መለኪያውን ትንሿን ፕሮፔለር ከጥልቀቱ ግማሽ ዝቅ አድርጌ ፊት ለፊት ውሃው ላይ እይዛታለሁ። ስትሽከረከር ጆሮዬ ላይ ባለው ማዳመጫ ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። ዓይኔን ጨፍኜ እንድቆጥር ያደርጉኝ ነበር። ዓይን ሲገለጥ ልብ ይበተናል ይላሉ። ያ ድምፅ ዛሬም አንዳንዴ ይመጣብኛል፤ ሳሪስ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የሰው የእጅ ሰዓት ጠቅ ጠቅ ሲል ሰምቼ እስከ ስልሳ ድረስ ቆጥሬ መውረጃዬ አልፎኛል።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፣ የኋላው ጣጣዬ ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ። በየቀኑ ውሃ ውስጥ አይገባም። ዳር ላይ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ተተክሏል፤ በየቀኑ የሚነበበው እሱ ነው። ሰሌዳው የሚናገረው ግን የውሃውን ከፍታ ብቻ ነው። ስንት ውሃ እንደሚያልፍ ለማወቅ ከፍታውን ወደ ፍሰት የሚቀይር ሰንጠረዥ አለን። ሰንጠረዡ የሚያገለግለው የወንዙ አልጋ እንደነበረ ከሆነ ነው። ትልቅ ሙላት መጥቶ አልጋውን በደለል ከሞላው፣ ጥቂት ውሃ ብዙ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትልቅ ሙላት በኋላ ወርዶ መለካትና ሰንጠረዡን ማስተካከል ግድ ነው። ይህን ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

ጋሽ ደቻሳ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው ዶክተር ሰላማዊት መጣች። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት፣ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። በመጀመሪያው ቀን ከመኪናዋ ያወረደችው ነጭ ትሪ፣ ወንፊትና መቆንጠጫ ነበር። ድንጋይ ከውሃ ታነሳለች፣ ትገለብጣለች፣ ሥሩ ላይ የተጣበቁትን ጥቃቅን ነፍሳት ትሪው ላይ እያራገፈች ትቆጥራለች።

“ለምንድነው?” አልኳት።

“እነዚህ ካሉ ወንዙ ጤና ነው” አለችኝ። “ከታች ከተማው ቆሻሻውን ከቀላቀለበት በኋላ ብትሄጂ ከድንጋይ ሥር ቀይ ትል ብቻ ነው የምታገኚው። እዚህ ግን ተመልከቺ።” ትሪው ላይ ሦስት ጭራ ያላት፣ ጎኗ እንደ ላባ የሚርገበገብ አንዲት ፍጥረት ትሄድ ነበር። አሥር ዓመት የረገጥኩት ድንጋይ ሥር እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

ጋሽ ደቻሳ ጎንበስ ብለው አይተው፣ “ይቺን ቢልጫ ይበላታል” አሉ፤ የወንዙን ዓሣ ማለታቸው ነበር። ከዚያ ከመለኪያው ሰሌዳ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ ወደሚገኘው ጠጠር ይዘውን ሄዱ። ወንዙ እዚያ ጋ ይሰፋል፣ ይሳሳል፣ ከሥሩ ንጹሕ ጠጠር ነው። “ልጅ ሳለን እስከ ታች ድረስ ነበሩ። አሁን የቀራቸው ይሄ ብቻ ነው። መስከረም ላይ ውሃው ሲጠራ ከጥልቁ ወጥተው እዚህ እንቁላል ይጥላሉ።”

መስከረም ሲመጣ አየናቸው። የክንድ ግማሽ የሚያህሉ ዓሣዎች፣ ጀርባቸው ከውሃው ወጥቶ፣ ወርቃማ ጎናቸው እያብለጨለጨ ጠጠሩ ላይ ይንፈራገጣሉ። ዶክተር አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ጋሽ ደቻሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ችግሩ ከበላያችን ያለው ግድብ ነበር። ዝናቡ እንዳበቃ ለበጋ ውሃ ለመያዝ በሩን ይዘጋሉ፤ ወንዙ በአንድ ቀን ይወርዳል፤ እንቁላሉ ደረቅ ላይ ይቀራል። ዶክተር ሰላማዊት ሁለት ዓመት ተመላልሳ፣ ስብሰባ ላይ ተሟግታ፣ በመጨረሻ መስከረምና ጥቅምት ላይ ለዓሣዎቹ የሚበቃ ጥቂት ውሃ እንዲለቀቅ አስፈቀደች። የግድቡ ሰዎች በደስታ አልተቀበሉትም። “ሰው በጄሪካን እየተሰለፈ ለዓሣ ውሃ እንልቀቅ?” ያሉ ነበሩ፤ ደግሞም አልፈረድኩባቸውም። ለሙከራ ነው የተፈቀደው። ውሃው መብቃቱን በየጠዋቱ አረጋግጦ በስልክ የሚነግራቸው የእኛ ጣቢያ ሆነ። ማለትም እኔ።

ሁለት መስከረም በደህና አለፈ። በዚህ መካከል ጋሽ ደቻሳ ጡረታ ወጡ፤ ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ ግን ምርኩዛቸውን ይዘው ብቅ ይሉ ነበር። እኔም ቡድን መሪ ሆንኩ። ቡድን መሪ ማለት አራት ጣቢያ፣ ወርሃዊ ሪፖርት፣ ስብሰባ፣ ደብዳቤ ነው። የቢሮዬ በር ላይ ስሜ ተለጠፈ። ኮራሁ፣ ልዋሽ አልችልም።

በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ ሙላት መጣ። ዛፍ ነቅሎ ወሰደ። ውሃው ሲጎድል ጋሽ ደቻሳ ዳር ቆመው አገኘኋቸው።

“ጥሩዬ፣ አልጋው ተለውጧል። ደለል ገብቶበታል። ግቢና ለኪው።”

“እሺ ጋሼ፣ በዚህ ሳምንት እገባለሁ።”

በዚያ ሳምንት አልገባሁም። የፍጥነት መለኪያው ጥገና ላይ ነበር፤ ከሌላ ጣቢያ መዋስ እችል ነበር፣ አልተዋስኩም። ሪፖርት ነበረብኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ፒክአፑ ተበላሸ። ጠዋት ጠዋት ወደ ቢሮ ስሄድ ከአውቶቡስ ወርጄ ከዳር ሆኜ ሰሌዳውን አነባለሁ፤ በአሮጌው ሰንጠረዥ አያለሁ፤ ይበቃል። ስልክ እደውላለሁ፤ “ይበቃል፣ በሩን በያዛችሁት ልክ ያዙት።” ጫማዬ እንኳ አይረጥብም ነበር።

ዝናቡ አብቅቶ የግድቡ በር ከጠበበ በአራተኛው ጠዋት የደወሉልኝ ጋሽ ደቻሳ ናቸው። “ነይ” ብለው ስልኩን ዘጉ።

ስደርስ ጠጠሩ ላይ በርከክ ብለው ነበር። ከጠጠሩ ግማሹ ደርቋል። እንቁላሎቹ ድንጋዩ ላይ ተጣብቀው ነጥተዋል፣ በጣቴ ስነካቸው እንደ ብናኝ ይረግፋሉ። በመካከል በቀሩት ጉድጓዶች ውስጥ ትላልቆቹ ቢልጫዎች በጎናቸው ተኝተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አሞራ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

“ሰሌዳው እኮ ሠላሳ ሁለት ነው የሚለው” አልኩ። የመጀመሪያው ቃሌ ይህ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ጋሽ ደቻሳ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ፣ “ለመሆኑ ገብተሽ ነበር?”

“አልገባሁም።”

ከእኔ ዞረው አንዱን ቢልጫ በሁለት እጃቸው አነሱ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ለግድቡ ደወልኩ፤ በሩን ወዲያው ከፈቱ፤ ውሃው ግን እኛ ጋ እስኪደርስ እስከ ከሰዓት ይፈጅበታል። ጋሽ ደቻሳ ባለቤታቸውን እማማ ጫልቱን ጠሯቸው፤ ሁለት ባልዲና አንድ ጆንያ ይዘው መጡ። ሦስታችን ዓሣዎቹን እያነሳን ወደ ጥልቁ ውሃ ስናመላልስ ዋልን። የቢሮ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ባዶ እግሬን። አንዳንዶቹ ጥልቁ ውስጥ ስንለቃቸው ተገለበጡና ሆዳቸው ወደ ላይ ሆኖ ተንሳፈፉ። ውሃው ሲመጣ ድምፁን ሰማነው። የዚያ ዓመት እንቁላል ግን ካለቀ በኋላ ነበር የመጣው።

ዶክተር ሰላማዊት በማግስቱ መጣች። ጠጠሩን ስትዞር ቆይታ፣ ፊቴን ሳታይ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ሪፖርት ተጠየቅን። የዚያን ጊዜው አለቃዬ አቶ መስፍን ክፉ ሰው አልነበረም። ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘጋና፣ “ጥሩወርቅ፣ ‘የተፈቀደው ውሃ ተለቅቋል፤ ጉዳቱ በተፈጥሮ ምክንያት የደረሰ ነው’ ብለሽ ጻፊ። አንቺንም እኛንም ያድናል” አለኝ።

ወረቀቱን ይዤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። መጻፍ ቀላል ነበር። ግን እያሰብኩት ስሄድ ነገሩ ገባኝ። የተፈቀደው ውሃ ተለቆ ዓሣዎቹ ካለቁ፣ የተፈቀደው ውሃ ዋጋ የለውም ማለት ነው። የግድቡ ሰዎች “ይኸው ለቀቅንላችሁ፣ አልጠቀመም” ብለው በሩን ለዘለቄታው ይዘጉታል። እኔ እድናለሁ፤ ጠጠሩ ያልቅለታል። እውነቱ ደግሞ የተፈቀደው ውሃ አልተለቀቀም። እኔ ነኝ ሳልለካ ይበቃል ያልኩት።

ተመልሼ ገባሁ። “አቶ መስፍን፣ እንዲህ ብዬ አልጽፍም።”

“ከቦታሽ ትነሻለሽ፤ ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ።”

ከሙላቱ በኋላ ሳልለካ በአሮጌ ሰንጠረዥ መረጃ መስጠቴን በራሴ እጅ ጽፌ ፈረምኩ። የውሃ መልቀቁ ሙከራ አልተሰረዘም፤ “ጉድለቱ የባለሙያዋ ነው” ተባለና ተቀጠለ። እኔ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ጣቢያው ላይ በቦታዬ ሰው አልተመደበም፤ ለመስከረምና ለጥቅምት ብቻ ከሌላ ቦታ ቡድን እየመጣ እንዲለካ ተደረገ።

መዝገብ ቤት ሁለት ዓመት ቆየሁ። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ነው፤ ዝናብ መጣሉን የማውቀው በቆርቆሮው ድምፅ ነው። ክረምት ላይ ያ ድምፅ ሲጀምር ፋይል ይዤ እቆማለሁ። አሁን ደፍርሷል፣ አሁን ከፍ አለ፣ አሁን ወዲያኛው ዳር ደርሷል እያልኩ። እጄ ዘንጉን ይፈልጋል። ሰው ለሰው እንዲህ ሲናፍቅ አይቻለሁ፤ ለውሃ ግን የማፍርበት ነገር ሆኖብኝ ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም።

ጋሽ ደቻሳን አልጠየቅኳቸውም። ከቤቴ አንድ አውቶቡስ ነው። በዓል ሲመጣ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ፊታቸውን እንዴት አየዋለሁ እላለሁ፤ በዓሉ ያልፋል። በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ማረፋቸውን ሰማሁ። ቀብር ላይ ከሰው ኋላ ቆሜ ተመለስኩ። ባለቤታቸውን እንኳ ቀርቤ አላጽናናሁም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ አዲስ አለቃ ሲመጣ፣ ወደ ጣቢያው መለሱኝ። መጀመሪያ ያየሁት መዝገቡን ነው። ከመስከረምና ከጥቅምት በስተቀር ሁለት ዓመት ባዶ ነው። ለእኛ ሥራ የሁለት ዓመት ባዶ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዶክተርንም ጥናት ያቋርጠዋል። ይህም በእኔ ምክንያት የመጣ ነው ብዬ አዘንኩ።

በማግስቱ ድፍረት አግኝቼ እማማ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ሲያዩኝ አቀፉኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ “ቁጭ በይ” ብለው ወደ ጓዳ ገቡና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አምጥተው ጭኔ ላይ አኖሩት። አምስት ደብተር ነው።

ገለጥኩት። በእርሳስ የተጻፈ ጥርት ያለ ቁጥር። ቀን፣ ጠዋት፣ ማታ፣ ከፍታ። “ደፍርሷል።” “አረፋ አለው።” እኔ ከተነሳሁበት ቀን ማግስት ይጀምራል።

“ማን አዘዛቸው?” አልኩ።

“ማን ያዘዋል ደቻሳን? ‘ጥሩዬ ስትመለስ ክፍት እንዳይሆንባት’ ይላል። በዝናብም ይሄዳል፣ በብርድም ይሄዳል። ያ እግሩ እያመመው።”

ገጾቹን ሳገላብጥ በአራተኛው ደብተር ላይ አንድ ገጽ ዳር “ጫልቱ አየች” የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ከዚያ ቀን በኋላ በየገጹ አለ።

“ሲታመም እኔን መላክ ጀመረ” አሉ እማማ ጫልቱ። “እኔ ደግሞ ቁጥር አላውቅም። ዘንግ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሰሌዳው ጎን አቁሜ ውሃው የደረሰበት ላይ ክር አስራለሁ። አምጥቼ አልጋው ላይ እሰጠዋለሁ፤ እሱ በሜትር ለክቶ ይጽፈዋል። ‘ጫልቱ፣ ክሩን አላንሸራተትሽም?’ ይለኛል። እንደ ፖሊስ ነው የሚጠይቀኝ።” ሳቁ።

በአምስተኛው ደብተር ላይ ቁጥሮቹ ተለወጡ። ትላልቅ፣ ከመስመሩ የወጡ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ የተጻፉ። እርሳስ መያዝ ሲያቅታቸው ባለቤታቸውን ቁጥር አስተምረዋቸው ነበር። ግንቦት ላይ ለሦስት ቀን ቦታው ባዶ ነው፤ በባዶው ላይ በዚያ በተጣመመ ጽሕፈት አንድ መስመር ብቻ ተሰምሯል። ሐዘን የተቀመጡበት ነው። በአራተኛው ቀን ቁጥሩ ይቀጥላል። እኔ በሩን እስካንኳኳሁበት ጠዋት ድረስ ይቀጥላል።

ደብተሩን ዘጋሁት። “እማማ፣ ሳልመጣ ስቀር አዝነውብኝ ነበር?” አልኳቸው።

“አዝኖ ነበር” አሉ። “ለምን እዋሽሻለሁ? ውሻው በጮኸ ቁጥር በሩን ያይ ነበር።”

ይህን ይዤ ነው የምኖረው። ብዙ ሰው ይቅር ብለውሻል ይለኛል። ይቅር ማለታቸውን ደብተሮቹ ነግረውኛል። የእኔ ነገር ግን ሌላ ነው፤ በዚያ በር አንድ ጊዜ ብገባ ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር የሚለው ነው።

በዚያ ሳምንት የጎማ ሱሪዬን ለብሼ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ከዳር እስከ ዳር ለካሁ፤ ደጋግሜ ለካሁ፤ አዲስ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ከዚያ ደብተሮቹን ይዤ ዶክተር ሰላማዊት ዘንድ ሄድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተነጋገርንም ነበር። አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። የክሩን ታሪክ ስነግራት መነጽሯን አወለቀች።

“ይሄ ሁለት ዓመት ባይኖር ጥናቱን መጣሌ ነበር” አለችኝ። ከዚያ ደግሞ፣ “ያን ጊዜ ሪፖርቱን እንዴት እንደጻፍሽው ኋላ ሰምቻለሁ። መምጣት ነበረብኝ” አለች።

የውሃ መልቀቁ ሙከራ መሆኑ ቀርቶ ደንብ የሆነው በዚያ ጥናት ነው። ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ የእኔ ናት፦ ከትልቅ ሙላት በኋላ ማንም ሰው ውሃው ውስጥ ገብቶ ሳይለካ ለግድቡ ስልክ አይደውልም። መዝገቡ ላይም የእነዚያ ሁለት ዓመታት አንባቢ ማን ነው በሚለው ቦታ አቶ ደቻሳና ወይዘሮ ጫልቱ ብዬ ጻፍኩ። አዲሱ አለቃ “ሠራተኞቻችን ናቸው?” ሲለኝ “አዎ” አልኩት።

ቢልጫዎቹ ወዲያው አልተመለሱም። በተመለስኩበት ዓመት መስከረም ላይ ሰባት ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ እየበዙ ሄዱ። በዓመቱም በሚቀጥለውም የቆጠርኳቸው እኔ ነኝ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ።

አሁን ድልድዩ ሥር ሴንሰር ተገጥሟል። በየሩብ ሰዓቱ የውሃውን ከፍታ በራሱ ወደ ቢሮ ይልካል። ጥሩ ነገር ነው፤ አያመውም፣ ሪፖርት አይዘውም። በእኔ ቦታ የመጡት ባለሙያዎችም ጎበዞች ናቸው፤ ከሙላት በኋላ ይገባሉ፣ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ግን ጠዋት ስነሳ ወንዙን እንዴት አደርክ የሚለው ማን ነው እያልኩ አስባለሁ። ሞኝነት ነው። ቢሆንም አስባለሁ።

ባለፈው መስከረም ዶክተር ሰላማዊት ደወለችልኝ። “ወጥተዋል። መኪና ልላክልሽ?” እማማ ጫልቱንም ይዘናቸው ሄድን። ጉልበቴ ውሃ አይችልም፤ እኔና እማማ ዳር ላይ ሣር አንጥፈን ተቀመጥን። ዶክተር ገብታ ከታች ወደ ላይ እየሄደች ስታይ እኔ ከዳር እንድቆጥርላት ተስማማን። ውሃው ጠርቶ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል። ቢልጫዎቹ ጀርባቸውን አውጥተው፣ እርስ በርስ እየተጋፉ፣ ውሃውን ወደ ላይ ይረጩታል። እማማ ጫልቱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር እያሉ ለብቻቸው ይስቃሉ።

ዶክተር ከላይኛው ጫፍ ደርሳ ዞረች። “ጥሩዬ፣ ስንት አልሽ?”

ቁጥር የለኝም። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም አራት በኋላ መቁጠሬን ትቼ ዝም ብዬ ሳይ ነበር የቆየሁት። በሠላሳ ምናምን ዓመት እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

“አልቆጠርኩም” አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ከውሃው ወጥታ፣ እርጥብ እንደሆነች አጠገባችን ሣሩ ላይ ተቀመጠች። “ነገ እቆጥራቸዋለሁ” አለች።

ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ሦስታችን እዚያው ዋልን። ስንት እንደነበሩ አላውቅም። ብዙ ነበሩ።